ከአሥራ አራተኛው መብራት እስከ አሥራ ዘጠነኛው

ሜትሬ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ኪሱ ውስጥ ሜትር ሳይዝ የታየበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ቢሮ ሲቀየር ሌላው ሰው ቁም ሣጥኑ በበሩ ይገባል አይገባም እያለ ሲጨቃጨቅ፣ እሱ ለክቶ ጨርሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እንኳ «አልጋዬ ከግድግዳው በሦስት ሴንቲ ተንጋዷል» ብሎ ነርሷን አስቸገረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። እሱ ሲያስተባብል «ሁለት ሴንቲ ነው» ነው የሚለው።

ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው ይሉታል፤ እውነት ነው። ያ ነገር ከደረሰ በኋላ ጥፋቱን አሳንሶ ማየት ያቃተውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ሰው ቢሆን «እስቲ ምን አልኩ? ሁለት ቃል ብቻ» ብሎ ይገላገል ነበር። ሜትሬ ግን የሁለት ቃልን ክብደት ሲመዝን ሦስት ዓመት ከረመ።

ሲጀመር ጨዋታ ነበር። ሜትሬ ሚስት አላገባም፤ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቱ ብቻውን ይኖራል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና አውሮፕላን ያበርራል። የበረራ ሲሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም ዓለምን በሞላ ስክሪን ላይ ዘርግቶ፣ የፈለጉትን አውሮፕላን ከፈለጉት ቦታ አስነሥተው የፈለጉት ቦታ እንዲያሳርፉ ያደርጋል። የታላላቅ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያዎች እስከ በር እጀታቸው ድረስ ተሠርተውበታል። አንድ ቀን ሜትሬ የገዛ ከተማውን ሊያይ ሄደ። ያገኘው አረንጓዴ ሜዳ ላይ የተጣለ ምንጣፍ የመሰለ ግራጫ ማኮብኮቢያና አጠገቡ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ መጋዘን ነው። ተርሚናሉ የለም፤ የመቆጣጠሪያ ማማው የለም። ማኮብኮቢያውን ለካው። አርባ ሜትር አጥሯል። ደሙ ፈላ።

ደግነቱ ፕሮግራሙ ማንም ሰው ራሱ የሠራውን እንዲጨምርበት ይፈቅዳል። ሜትሬ ተነሣ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ መሬቱ ላይ አነጠፈ፤ በላዩ ማኮብኮቢያውንና የአውሮፕላን ማቆሚያውን በትክክለኛ ልካቸው ሣለ። ተርሚናሉን ግድግዳ በግድግዳ፣ መስኮት በመስኮት አቆመ። ማማውን ሦስት ጊዜ አፍርሶ በአራተኛው ተሳካለት። እንዲህ ሲል ዓመት ከሁለት ወር ሄደ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ግን ነፍስ የለውም፣ ሕንፃው ሁሉ ነጭ ካርቶን ይመስላል። የቀለሙ መላላጥ፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ፣ ጎማ ሲያርፍ የሚተወው ጥቁረት ከፎቶ ተወስዶ እንደ ልብስ መልበስ አለበት። እንዲህ ያለ ፎቶ ደግሞ ከአጥር ውጭ ቆሞ አይነሣም።

አጥሩ ውስጥ የእህቱ ባል ነበር። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የማኮብኮቢያ መብራት ሠራተኛ ሲሆን፣ ሁሉም ሰው ጋሼ አምፖል ይለዋል። ስሙን ያገኘው ከሥራው እንደሆነ ይናገራል፤ ባልደረቦቹ ግን ከራስ ቅሉ ነው ይላሉ፤ ጠጉሩ ገና በጎልማሳነቱ ጥሎት ስለሄደ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ሜትሬን ያሳደገው እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት ሜትሬ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ እህቱ በተዳረች በስድስተኛ ወሯ ወንድሟን ይዛ ባሏ ቤት አስገባችው። ጋሼ አምፖል አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረም። ብስክሌት መንዳት ያስተማረው እሱ፣ የመልቀቂያ ፈተና ሲፈተን ከበር ውጭ ቆሞ የጠበቀው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ሁለት ፎቶ ብታነሣልኝ» አለው ሜትሬ።

«የምን?»

«የአስፋልቱን፣ የመብራቶቹን፣ የግድግዳውን። ጠጋ ብለህ።»

«ይከለከላል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ጋሼ አምፖል መላጣውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። «ለአንተ ከሆነማ» አለ።

አንድ ሁለት የተባለው ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነ። ጋሼ አምፖል ጠዋት ጠዋት መብራቶቹን ሊፈትሽ ሲወጣ፣ በእያንዳንዱ ሥር ተንበርክኮ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ እያስቀመጠ አነሣ። ሜትሬ ያንን ሲያይ እጁን ሊስመው ምንም አልቀረው። ከፎቶዎቹ በአንዷ ላይ የጋሼ አምፖል ጥላ አስፋልቱ ላይ ረዝሞ ወድቋል፤ ቆቡና የመሣሪያ ሣጥኑ ሳይቀር ይታያል። ሜትሬ አይቶታል። አስፋልቱ ግን በዚያች ፎቶ ላይ እንደ እውነቱ ስለነበረ ተጠቀመባት። ማን ያስተውለዋል ብሎ።

ሥራውን በኢንተርኔት ሲለቀው፣ አብሮ በሚወርደው የመግለጫ ወረቀት ላይ «ፎቶና ንድፍ፦ በራሴ የተሠራ» ብሎ ጻፈ። ለጋሼ ደኅንነት ነው አለ ለራሱ፤ እውነትም ነበረበት። ግን ከማያውቃቸው ሰዎች ምስጋናው ሲጎርፍ፣ አንዱ «ወንድሜ፣ አስፋልቱ ሸተተኝ» ብሎ ሲጽፍለት፣ ሜትሬ ሙገሳውን ብቻውን ነበር የሚያጣጥመው። በሁለት ወር ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ ሰው አወረደው።

ካወረዱት አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ ነበር። ነገሩ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ የጥበቃ ኃላፊው ዘንድ ደረሰና ሜትሬ «ለጥቂት ደቂቃ» ተብሎ ተጠራ። ረፋድ ላይ ሄደ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አዘዘለት፣ ሥራውን አደነቀለት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለ ኋላ። «አጥር ውስጥ ያሉትን ማን አነሣልህ?»

ሜትሬ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የሄደው። «ሰው ለምኜ አስነሣሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሙን አልናገርም» ሊል። በመንገድ ላይ ደግሞ ደጋግሞ አጥንቶታል። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ አጥር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የተላኩልኝ ናቸው» አለ።

ገብተሃል ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ማን ላከልህ?»

«ብዙ ሰው ይልክልኛል። አላስታውስም።»

ኃላፊው ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረው። በስክሪኑ ላይ ሜትሬ የሠራው ማኮብኮቢያ ነበር፤ በላዩም ያ ጥላ። «ይኼ የመብራት ሠራተኛው፣ የአምፖል ጥላ አይደለም?»

ሜትሬ የሻይ ብርጭቆውን ያዘ። ትኩስ ነበር። ዝም ቢል ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አይደለም ቢል ደግሞ ጥላ ፊት የለውም፣ ማንም አያረጋግጥበትም። በዚያች ቅጽበት የታየው ግን ዓመት ከሁለት ወር የለፋበት ሥራ «አሁኑኑ ከኢንተርኔት አጥፋው» ሲባል ነው። ያ እንዳይሆን ፈለገ።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

ጋሼ አምፖልን በማግስቱ ጠዋት «ጥላህ ፎቶው ላይ አለ» ብለው በር ላይ አስቆሙት። የሜዳውን ቁልፍ ተቀብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ጡረታ ሊወጣ ዓመት ከስድስት ወር ሲቀረው፣ ከአጥሩ ውጭ ባለ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ዋለ። የሜትሬን ሥራ ግን አጥፋው ያለው አልነበረም።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ ጋሼ አምፖል ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሜትሬ ቤት መጣ። ሜትሬ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ በሩን ከፈተለት። ጋሼ አምፖል ግን ተቀምጦ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አለ። «ጥላዬን ሳላይ አንሥቼ አንተንም አስጠራሁህ። ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት ሠራተኛ ሆኜ ጥላ የት እንደሚወድቅ አላወቅሁም ማለት ነው። ምን አሉህ? አስቸገሩህ?»

«የለም» አለ ሜትሬ። «ምንም አላሉኝም።»

«ተመስገን። እኔስ ሥራዬን ልጨርስ የቀረብኩ ሰው ነኝ» አለና ብርቱካን ልጦ ሰጠው። ሜትሬ ተቀብሎ በላ። ያን ብርቱካን እንዴት እንደዋጠው ዛሬም ሲያስበው ይገርመዋል።

ከዚያ ወዲህ እህቱ ቤት መሄድ ከበደው። በሄደ ቁጥር ነገሩ ይነሣል። እህቱ ጥላውን አታምንም። «ጥላ ብቻውን አፍ የለውም፤ ያሳበቀ ሰው አለ» ትላለች። «የነገረበትን ሰው አፉን ይያዘው!»

«አሜን በል እንጂ» ትለዋለች ወንድሟ ዝም ሲል።

«አሜን» ይላል ሜትሬ።

ቀስ በቀስ እግሩን አሳጠረ። ሥራ በዛብኝ ማለት ለመደ። ጋሼ አምፖል ጡረታ በወጣበት ቀን ያመኛል ብሎ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት የሲሙሌተሩ አዲስ ስሪት ወጣ። በሳምንቱ ለሜትሬ አቤቱታ ይመጣለት ጀመር። አንድ ጡረተኛ መምህር «ከምሥራቅ በኩል ሳርፍ አውሮፕላኔ መሐል ላይ እንደ ሚዳቋ ይዘላል፤ እባክዎ ይመልከቱልኝ» ብለው በትሕትና ጻፉ። ሌላው «ማኮብኮቢያህ ጥርስ አብቅሏል እንዴ?» አለው። ሜትሬ ራሱ ሞከረው። በትክክል አረፈ፤ ተንደረደረ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ አውሮፕላኑ እንደተረገጠ ኳስ ነጠረና በአፍንጫው ተተከለ።

ብልሽት ማደን ያውቅበታል። የሚፈስ ቧንቧ ሲፈለግ እንደሚደረገው ግማሹን ዘግቶ ግማሹን ማየት ነው። ሕንፃዎቹን አወጣ፤ ዝላዩ አለ። ሣሩንና ዛፎቹን አወጣ፤ አለ። መብራቶቹን፣ አጥሩን፣ የተቀቡትን መስመሮች አወጣ፤ አሁንም አለ። በመጨረሻ ባዶ ማኮብኮቢያ ብቻ ሲቀርም አውሮፕላኑ ይዘላል። ችግሩ ከመሬቱ ነው ማለት ነው። ሜትሬ በጊዜው ሜዳውን ሁሉ እንደ ጠረጴዛ አስተካክሎ በአንድ ከፍታ ረግጦት ነበር። አዲሱ ስሪት ግን የመሬቱን ውጣ ውረድ የሚያነበው ከራሱ መዝገብ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይስማሙም፤ ቦታውም ከምሥራቅ ጫፍ ሲቆጠር ከአሥራ አራተኛው መብራት እስከ አሥራ ዘጠነኛው ያለው ነው። የሱን ጠረጴዛ ሲያነሣው ደግሞ የፕሮግራሙ መሬት አነስተኛ አውሮፕላን የሚደብቅ ገደል ሆነ። የሚያስፈልገው እውነተኛው ከፍታ ነው፤ እያንዳንዱ መብራት ሥር መሬቱ ስንት ይወርዳል፣ ስንት ይወጣል።

ቁጥሩ አውሮፕላን ማረፊያው ቢሮ መኖር አለበት። ሜትሬ ግን በዚያ በር ማለፍ አይችልም። ከዚያ ውጭ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።

ሁለት ሳምንት ካመነታ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ ቤት ሄደ።

«ማን ሞቶ ነው የመጣኸው?» አለች በሩን ስትከፍት።

«ጋሼን ፈልጌ ነው።»

ጋሼ አምፖል ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ካውያ ፈትቶ ነበር። ስለ ዝላዩ ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ። «ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ዘጠኝ በለኛ!» አለ እንደ ድሮው። «እሷን ነው የምትነግረኝ? ዝናብ ሲዘንብ አሥራ ስድስት ጋ ውሃው ቦቲዬ ውስጥ ይገባል፤ አሥራ አራት ጋ ግን ደረቅ ነው። መብራቶቹን ስተክል በቱቦ ውሃ ልክ አንድ በአንድ ለክቻቸዋለሁ። ነገ እመጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን መጣ፤ ሸሚዙን ተኩሶ፣ መነጽሩን አድርጎ። ሜትሬ ፕሮግራሙን ከፍቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ አቆመው። ያን ሥራ ጋሼ አምፖል ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። አሳየኝ ብሎ አልጠየቀም፤ ሜትሬም ላሳይህ ብሎት አያውቅም። አሁን ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ።

«ቀስ ብለህ ሂድ» አለ። «በእግር እንደሚሄድ ሰው።»

በእግር እንደሚሄድ ሰው ሄዱ። በየመብራቱ ያስቆመዋል። ይኼኛው አንገቱ ላልቶ ነበር፤ ያኛውን የሣር ማጨጃ ገጭቶት በሌሊት ቀይሬዋለሁ፤ እዚህ ጋ ጥንቸል ጉድጓድ ነበራት። አሥራ አራተኛው ጋ ሲደርሱ መዳፉን ዘረጋ። «ከዚህ ወደ አሥራ አምስት አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይወርዳል።» ሜትሬ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የጋሼን ስንዝር ለካ፤ ሃያ ሁለት ሴንቲ። አራቱን ጣት ለካ፤ ሰባት ተኩል። እጁ እንደ ድሮው ሻካራ ነበር። ቁጥሩን ጻፈ።

«ወደ አሥራ ስድስትስ?»

«ስንዝር ተኩል።» ጋሼ አምፖል መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አየህ፣ ያን ቀን በር ላይ ነው ያስቆሙኝ። ሣጥኔን እንኳ ሌላ ሰው ነው ያወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቆሜ አላውቅም።» እዚህ ሲል ቆሞ የነበረው የሜትሬ ክፍል ውስጥ ነው። «ተሰናብቼ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ።

ሜትሬ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አላነሣም።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ ጋሼ አምፖል። «አሁን ስታድሰው ያችን ጥላዬ ያለባትን ፎቶ አውጣት። ባሰብኳት ቁጥር አንተን በኔ ጦስ ያንገላቱህ ትዝ ይለኛል። ያኔም ይቅርታ ጠይቄሃለሁ፣ ግን...»

«ጋሼ፣ ጥላው አይደለም።»

«ምኑ?»

«ያሳበቀብህ። ጥላው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ጋሼ አምፖል መነጽሩን እንደያዘ ቀረ። ውጭ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል።

«ስሜን እነሱ ጠሩት ወይስ አንተ?»

«እነሱ።»

«አንተስ?»

«ሊሆን ይችላል አልኩ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ጋሼ አምፖል፤ ቃሉን እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጦ እንደሚያይ ሰው። «መቱህ?»

«አልመቱኝም።»

«አስፈራሩህ?»

«የለም። ሻይ ጋብዘውኝ ነበር።»

ቢመቱት ይሻል ነበር። ሜትሬ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት መመታቱን የተመኘበት ጊዜ የለም፤ ቢያንስ ጋሼ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር።

«እኔ እኮ ብርቱካን ይዤልህ መጥቼ ነበር» አለ ጋሼ አምፖል በመጨረሻ። መነጽሩን ማኅደሩ ውስጥ ከተተ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «አሥራ ሰባትን አልነገርኩህም» አለና ሄደ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እህቱ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። አልጮኸችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«የነገርክበትንስ እሺ። ሰው ይደነግጣል። ሦስት ዓመት ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ ስራገም አሜን ስትል ግን አፍህ እንዴት ታዘዘልህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሱ ሆደ ሰፊ ነው፤ አንድ ቀን ይተውልህ ይሆናል። እኔን ግን ቶሎ አትጠብቀኝ።» ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን ተሻገረች።

ሜትሬ ምሳውን አልበላም። የዚያኑ ቀን ሁለት ነገር አደረገ። ያን ሁሉ ያስዋሸውን፣ አጥፋው እንዳይሉኝ ብሎ የሳሳለትን ሥራ በገዛ እጁ ከኢንተርኔት አጠፋው። ቀጥሎ ለአውሮፕላን ማረፊያው ደብዳቤ ጻፈ፦ ፎቶዎቹን ለምኜ ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ስጠየቅ ራሴን ለማዳን ደብቄአለሁ፤ ይህ በሰውየው ፋይል ውስጥ ይቀመጥልኝ። ሊያልፍበት ያልቻለውን በር በማግስቱ አለፈ። የድሮው ኃላፊ ተዛውሮ ሌላ ሰው ነበር። አዲሱ ኃላፊ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሰውየው ጡረታ ወጥተዋል። ፋይላቸው ተዘግቷል።»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ ምን እንድናደርግ ነው?»

«መቀበላችሁን ብቻ ማኅተም አድርጉልኝ።»

ኃላፊው ትከሻውን ሰብቆ ማኅተሙን አሳረፈበት። ሜትሬ ቅጂውን እህቱ ቤት ወስዶ በበሩ ሥር አሾለከና ሳያንኳኳ ተመለሰ።

አምስት ሳምንት ምንም አልሰማም። የመብራቶቹ ልክ አሥራ ስድስተኛው ላይ ቆሞ ነበር፤ የቀሩትን ከግምት ሊሞላ ይችል ነበር። አልሞላም። በስድስተኛው እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋሼ አምፖል ነው፤ ባዶ እጁን።

«አጥፍተኸዋል አሉ» አለ ሳይቀመጥ።

«አዎ።»

«ማን ፈቀደልህ? ሜዳው ያንተ ብቻ ነው?» ወንበር ሳበ። «ለአንተ ብዬ አልመጣሁም። መሬቱ ተንጋዶ መቅረት የለበትም። አሥራ ሰባት ላይ ነበርን። ከአሥራ ስድስት በአራት ጣት ከፍ ይላል።»

በሦስት እሑድ ጨረሱት። ጋሼ አምፖል ከሥራው ውጭ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የቀረበለትን ሻይም አልነካም። በሦስተኛው እሑድ ሜትሬ አውሮፕላኑን ከምሥራቅ አስገብቶ አሳረፈ። አሥራ አራትን አለፈ፤ ጎድጓዳውን ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወጣ፤ ሳይዘል እስከ ጫፍ ሄደ። ጋሼ አምፖል ራሱን ነቀነቀ።

«ወረቀቱ ላይ ስምህን ልጽፈው?» አለ ሜትሬ። «ፎቶውን፣ ልኩን፣ ሁሉን ያንተ ነው ብዬ።»

«ሁሉን አትበል። ውሸት አልፈልግም። ፎቶውን ያነሣሁትና መብራቶቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ይኸው ነው።»

ሜትሬ እንዳለው ጻፈው። ከዚያ በኋላ ነው አንገቱን ሳያነሣ «ጋሼ፣ ተቀይመኸኛል አይደል?» ያለው።

«አዎ። ገና አልጨረስኩም» አለ ጋሼ አምፖል። «ስጨርስ እነግርሃለሁ።»

ሥራው እንደገና ከተለቀቀ ይኸው ስምንት ወር ሆነው። አቤቱታ አልመጣም። እህቱ ስልክ ስትደውልለት የሚያስፈልገውን ተናግራ ትዘጋለች፤ ማዕዷ ላይ ገና አልጠራችውም። ሜትሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ አዲስ አመል አምጥቷል ይላሉ። ባለፈው ወር ትልቁ ማተሚያ ተበላሽቶ አለቃው «ማነው የነካካው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ሰው ሳይተነፍስ እሱ «እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ። በማግስቱ ሲጣራ ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ መስክ ነበር የዋለው።

እሑድ እሑድ ጋሼ አምፖል አሁንም ይመጣል። በወጣትነቱ ሥራ የተማረበት አንድ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ አለ፤ እሱን መሥራት ጀምረዋል። ሜትሬ ሻይ ያፈላና አጠገቡ ያስቀምጥለታል። አንዳንዴ ይጠጣዋል፤ አንዳንዴ ቀዝቅዞ ይቀራል። ጨረስኩ አላለም፤ ሜትሬም አይጠይቀውም።